ማስኩን ማን አወለቀው

በዚያ ክረምት ሲስተር መንበረ ከሳንባ ምች ይልቅ የምትጠላው አስታማሚዎችን ነበር። በሽተኛውን ቤት ደብቀው ይከርሙና ከንፈሩ ሲጠቁር ተሸክመው ሆስፒታል ይመጣሉ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ያኔ የተሰጠው ኦክስጅን ሳያተርፈው ሲቀር ደግሞ ሞቱን በሲሊንደሩ ያሳብባሉ። «ኦክስጅን የተደረገለት አይተርፍም» የሚለው ወሬ ከተማውን ስለሞላው፣ እሷ ዞር ስትል ማስኩን ከዘመዳቸው ፊት የሚያነሱ ብዙ ነበሩ። ስለዚህ ወደ ሥራ የምትገባው ገና ከበሩ ተቆጥታ ነው።

ሳንባ ምች የያዛቸው አቶ ተክለወልድ በጠባቧ ክፍል ያለ ሌላ በሽተኛ ተኝተዋል። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ መብራት ጠፋ፤ ክፍሉ ጨለም ብሎ የበረኪናና የእርጥብ ጋቢ ሽታ ታፍኖበታል። ሲሊንደሩ መብራት ስለማይፈልግ ኦክስጅኑ የሚያልፍበት የውሃ ጠርሙስ ራስጌያቸው ላይ መንተክተኩን አላቋረጠም። ሲስተር መንበረ ስትገባ ማስኩ ደረታቸው ላይ ነበር፤ ላስቲኩ ሳይቀር በሥርዓት ታጥፏል። የሽማግሌው ጥፍሮች ጠቁረዋል። ማስኩን መልሳ አጠበቀችና ጣታቸውን የቆነጠጠው የኦክስጅን መለኪያ ቀስ በቀስ ከፍ ሲል እያየች፣ አጠገባቸው የተቀመጠችውን ልጃቸውን ውድነሽን አፏ እንዳመጣላት ተናገረቻት። አንድ ጊዜ ደግሞ ቢወልቅ አባትሽ አይመለሱም አለቻት። ውድነሽ አልነካሁትም ብላ ማለች።

ማን ያምናታል! ብዙም ሳትቆይ ተመልሳ በሩን ስትከፍት ልጅቷ አልጋው ላይ ጎንበስ ብላ፣ ሁለት እጇን ከአባቷ ፊት በላይ ጨብጣ፣ ላብ በላብ ሆና ትንቀጠቀጣለች። ማስኩ ካፍንጫቸው ላይ ሸርተት ብሏል። የሲስተር መንበረ ደም ፈላ።

«አባትሽን በገዛ እጅሽ ልትገድያቸው ነው?»

«አታስወጪኝ ሲስተር» አለች ውድነሽ፣ ቀና ሳትል። «በእናትሽ፣ አሁን ከለቀቅኩ...»

አላስጨረሰቻትም። ትከሻዋን ይዛ ጎትታ አስወጣቻት። ስትጎትታት የልጅቷ እጅ አንጓ ላይ በጣት የተጨመቀ የመሰለ መቅላት አየች። ምስኪን ሽማግሌ፣ ለነፍሳቸው ሲታገሉ ነው ብላ ይበልጥ ተናደደች። በሩን ከውስጥ ቆለፈች። ውድነሽ በሩን እየደበደበች ለመነቻት፤ ቆይቶ ድምፅዋ ጠፋ።

ሲስተር መንበረ ማስኩን አስተካክላ በውድነሽ ወንበር ላይ ተቀመጠች። በታፈነው የበረኪና ሽታ መሃል አዲስ የተቆፈረ አፈር የሚመስል ሽታ መጣ፤ ዝናቡ ነው ብላ ተወችው። ጠርሙሱ ይንተከተካል። የሽማግሌው ሁለት እጆች ብርድ ልብሱ ውስጥ እንዳሉ ናቸው። እያየቻቸው ላስቲኩ ከጆሯቸው ኋላ ቀስ ብሎ ተነሣ።

ንዴቷ ገና አልበረደምና መጀመሪያ የመጣላት ሌላ ቁጣ ነበር። በመዳፏ ማስኩን ፊታቸው ላይ ተጫነችው። የሰው የሚያህል ጉልበት ከታች ገፋት። በሁለት እጇ ያዘች። ያኔ ቀዝቃዛ ነገር ትንሿ ጣቷ ላይ አረፈና ሳይቸኩል ከማስኩ አላቀቃት፤ ቀጥሎ ያለችውንም፤ ከዚያ ደግሞ ቀጥሎ ያለችውን። በሩን የቆለፈችበት ቁልፍ ኪሷ ውስጥ ነው፣ እሱን ለማውጣት ደግሞ ማስኩን መልቀቅ አለባት። መለኪያው መውረድ ጀምሯል።

ማስኩ ተነሥቶ ደረታቸው ላይ በሥርዓት ተቀመጠ። አፋቸው ነፃ የወጣው ሽማግሌ ዓይናቸውን ገልጠው፣ በተቆራረጠ ትንፋሽ፣ ቁጣ በሌለበት ድምፅ፣ «ውድነሽ እኮ አልነበረችም የምታወልቀው፤ የሚያወልቀውን እጅ ይዛልኝ ነበር» አሏት።