አርባ አንደኛው ስም

የወደብ ከተማው ፌሮል ከእንቅልፉ የሚነቃውም ምሳ የሚበላውም በመርከብ መሥሪያው ጡሩምባ ነው። ግቢው ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ ለንጉሥም፣ ለጄኔራልም፣ አሁን ደግሞ ሕዝብ ለመረጠው መንግሥት የጦር መርከብ ሲሠራ ኖሯል። ሳቤላ የግቢው የሠራተኞች አስተዳደር ጸሐፊ ናት። አባቷ ኤላዲዮም ሠላሳ ዓመት ብረት ያጎበጠው እዚያው ነው።

ብሬይሾን ያወቀችው የሕመም ፈቃድ ሊያስፈርም የመጣ ዕለት ነው። በያጅ ነው፤ የብየዳው ብልጭታ ዓይኑን ለብልቦት እንባው ይወርዳል።

«ማን ሞቶብህ ነው?» አለችው።

«ማንም። አንቺን ሳይ ነው የጀመረኝ።»

«እንግዲያው አትየኝ፣ ይሻልሃል።»

«ሐኪሙም ብርሃን አትይ ብሎኛል። እሱንም አልሰማሁት።»

ሳቤላ ሳቋን በወረቀት ሸፈነች። በሳምንቱ ዓይኑ ድኖ ያለ ምንም ጉዳይ ተመልሶ መጣ።

ዓመት ሙሉ ከሥራ መልስ ባሕሩ ዳር አብረው ተመላለሱ። ኤላዲዮ ግን የልጁን ስም መስማት አይወድም።

«የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት አድማ መትተን ሥራ ስናቆም፣ እኛ ውጭ ዝናብ እየመታን አባቱ አልፎን በሩን የገባ ሰው ነው።»

«አባዬ፣ ብሬይሾ ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበር።»

«የአባቱ ደም ነው» አለና የሾርባ ሳህኑን ገፋ።

በጸደይ የመርከብ ትእዛዝ ቀነሰ፤ ሠራተኛም እንዲቀነስ ተወሰነ። ዝርዝሩን በታይፕ የመታችው ሳቤላ ናት። አርባ አንደኛው ስም የብሬይሾ ነበር፤ እዚያ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«ከሰኞ በፊት አንድ ቃል ከወጣ» አላት አለቃዋ፣ «የራስሽን ስም ራስሽ ትጨምሪበታለሽ።»

እሑድ ብሬይሾ ከባሕሩ ፊት ለፊት አንድ መስኮት አሳያት። «ቤቷ ሁለት ክፍል ናት፤ ለሁለታችን ትበቃለች። ጠዋት ፀሐይ ይገባታል። ባለቤቷን አናግሬያታለሁ። ምን ትያለሽ?»

ሳቤላ መስኮቱን አየች፤ እሱን አየች።

«ቆንጆ ናት» አለች።

ሰኞ ዝርዝሩ በሩ ላይ ተለጠፈ። ብሬይሾ ቢሮዋ ድረስ መጥቶ ቆመ።

«መቼ ጻፍሽው?»

«ሐሙስ።»

«እሑድ እያወቅሽ ነው ቆንጆ ናት ያልሽኝ?»

ጀርባውን ሰጥቷት ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ቡሬላ የሚባል የዓሣ አጥማጆች ከተማ ወርዶ የዓሣ ጀልባ ጠጋኝ መሆኑን ሰማች። ደብዳቤዎቿ ሳይከፈቱ ተመለሱ።

ልጁ ከሰውነት ተራ ስትወጣ ያየው ኤላዲዮ አንድ ጠዋት አጠገቧ ተቀመጠ።

«ፈርተሽ ነው ዝም ያልሽው?»

«ፈርቼ ነው፣ አባዬ።»

ኤላዲዮ ወደ እሷ ዞረ። «የብሬይሾ አባት ያን ቀን የገባው ሚስቱ ሆስፒታል ተኝታበት፣ መድኃኒት መግዣ አጥቶ ነው። እኔ አውቅ ነበር። ጓደኞቼ ከሃዲ ሲሉት አብሬ አልኩ። እኔም ፈርቼ ነው።» ተነሥቶ ኮቱን ለበሰ። «ነይ፣ አውቶቡሱ እንዳያመልጠን።»

ብሬይሾን አንድ ጀልባ ሥር ተንበርክኮ አገኙት። ቀድሞ የተናገረው ሽማግሌው ነበር።

«አባትህን በድያለሁ። ይቅርታ ሳልጠይቀው ሞት ቀደመኝ። ስለዚህ ከአንተ ልጠይቅ መጣሁ።»

ብሬይሾ መዶሻውን አስቀመጠ። ስለ አባቱ እንዲህ የሚል ሰው ከግቢው ሰምቶ አያውቅም። የሽማግሌውን እጅ ጨብጦ ለረጅም ጊዜ አለቀቀውም።

ከዚያ ወደ ሳቤላ ዞረ።

«እኔ መፍራቴን አልተውም» አለችው። «ከእንግዲህ ግን መጀመሪያ እነግርሃለሁ፤ ከዚያ አብረን እንፈራለን።»

«ንዴቴ ገና አልበረደልኝም።»

«እጠብቃለሁ።»

ብሬይሾ ባሕሩን አየ፣ እጁን በጨርቅ ጠረገ። «እዚህ ያለችው ቤቴ አንድ ክፍል ናት» አለ ቀስ ብሎ። «ፀሐይም አይገባትም።»

«ብርሃን አትይ ተብለህ የለ» አለችው። ከዚያች ሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

በመከር ቡሬላ ተጋቡ። ኤላዲዮ ግብዣው ላይ ከግቢ ጓደኞቹ መሐል ተነሥቶ ከብሬይሾ እናት ጎን ተቀመጠ። ሴትዮዋ ዳቦዋን ቆርሳ አካፈለችው።