የታማሚው ወረቀት

ሽማግሌው አሰልጣኝ የሞቱት አራት የሕክምና ባለሙያዎች ከበዋቸው፣ የልብ ምታቸውን በየሩብ ሰዓቱ እየጻፉላቸው ነው። የመከታተያው ቅጽ እስከ መጨረሻው ድረስ «ሰማንያ ስምንት» ይላል። መርማሪዋ ቅጹን ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና ለሦስተኛ ጊዜ አነበበችው። ሃያ ስድስት ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ስትቆይ ከሞተ በኋላም ልቡ ሰማንያ ስምንት የሚመታ ሰው ገጥሟት አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተራራው ግርጌ ያለው ማሠልጠኛ ሐኪሞችንና ነርሶችን ሆስፒታል በሌለበት ቦታ ማከም ያስተምራል፤ ገደል የገባን፣ እባብ የነደፈውን፣ ብርድ ያደነዘዘውን መንገደኛ እንዴት ማዳን እንደሚቻል። በልምምድ ቀን አንድ ጤነኛ ሰው ታማሚ ሆኖ ይተኛል። አንገቱ ላይ ካርድ ይንጠለጠላል፤ የልብ ምቱ፣ ትንፋሹ፣ ሕመሙ ሁሉ እዚያ ላይ ተጽፏል። ሠልጣኞቹ የሚለኩት ሰውየውን አይደለም፤ ካርዱን ያነባሉ። የጤነኛ ሰው ልብ እየቆጠሩ እንዳይደናገሩ ተብሎ የወጣ ደንብ ነው፤ ያወጡትም ራሳቸው ሽማግሌው ናቸው። ታማሚ የሆነው ሰው ደግሞ ምን እንደሚናገር፣ መቼ እንደሚያቃስት የሚነግረው ሌላ ወረቀት ኪሱ ውስጥ ይይዛል። ያንን ሠልጣኝ አያየውም።

ቦርሳውም ሁለት ነው። ብርቱካንማው የልምምድ ነው፤ ውስጡ ያለው ባዶ ጠርሙስ ነው። ነጩ እውነተኛ መድኃኒት የያዘ ሲሆን በፕላስቲክ ማሰሪያ ታሽጓል፤ የሚከፈተው አንድ ሰው «ልምምዱ ይቁም» ብሎ ከጮኸ ብቻ ነው።

የዚያን ቀን ታማሚ ይሆን የነበረው ሠራተኛ ጉንፋን ይዞት ቀረ። ሽማግሌው «እኔው እተኛለሁ» አሉ። ሰማዩ ጠቁሮ ስለነበር «ዝናቡ ሳይቀድመን» ብለው ቁርስ እንኳ ሳይበላ አስጀመሩ። ካርዱ «ከገደል ወድቆ ጭንቅላቱ ተመትቷል፤ ያልበዋል፣ ግራ ይጋባል፣ ከዚያ ራሱን ይስታል» ይላል። አላባቸው። ግራ ተጋቡ። ራሳቸውን ሳቱ። ሠልጣኞቹ በትወናቸው ተደነቁ።

በማግስቱ የአስከሬን ምርመራው ውጤት መጣ። የደማቸው ስኳር ወርዶ፣ በዚያ ብርድ ልባቸው ቆሟል። መኝታ ክፍላቸው ያለችው ትንሽ ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ የሱፍ ካልሲ ውስጥ ተሸጉጦ ኢንሱሊን ተገኘ። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ተራራ ላይ ሰው መምራት አይፈቀድለትም፤ ሽማግሌው ሕመማቸውን ደብቀው ኖረዋል። ጠዋት መድኃኒቱን ተወግተው ምግብ ሳይቀምሱ ተኙ ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ ከክፉ አጋጣሚ በቀር የሚጠየቅ ሰው የለም።

ነገር ግን የግራ እጃቸው የቀለበት ጣት ጫፍ መሐሉ ላይ የመርፌ ነጥብ ነበረበት። የስኳር ታማሚ የጣቱን ጎን እንጂ መሐሉን አይወጋም፤ ያማል። ነጩ ቦርሳ ውስጥ ያለው የስኳር መለኪያ ሲከፈት ደግሞ አንድ ቁጥር አስቀምጦ ተገኘ፤ ሠላሳ አንድ፤ የጤነኛ ሰው ከሰባ አይወርድም። ሰዓቱ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሠላሳ አምስት። በዚያ ሰዓት ሽማግሌው ወደ ማሠልጠኛው ለመመለስ ቃሬዛ ላይ ታስረው፣ እጃቸው ብርድ ልብስ ውስጥ ነበር። የሞቱት ከዚያ ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆይተው ነው። እንግዲህ ከአራቱ አንዱ ሰውየው እየሞቱ መሆኑን አውቆ ዝም ብሏል።

መርማሪዋ መማሪያ ክፍሉ ውስጥ ተቀመጠች። ጥግ ላይ እጅ የሌለው የፕላስቲክ ሰው ተጋድሟል። ጠረጴዛው ላይ የሟቹ ዕቃዎች ተዘርግተዋል፤ ፊሽካ፣ ቢላ፣ ግራጫ የአንገት ልብስ።

መጀመሪያ የገባችው የሟቹ ልጅ ናት። ሐኪም ናት፤ የሠልጣኞቹ ቡድን መሪም እሷ ነበረች። ሁለት ቀን ያልተኛ ሰው ዓይን ነበራት።

«ነካ አድርገሻቸው ነበር?» አለች መርማሪዋ።

«ግንባሩን ጠረግኩለት። በጣም አልቦት ነበር። ውኃ ረጭቶ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ሁሌም እንደዚያ ያደርጋል።»

«የልብ ምታቸውስ?»

«ካርዱ ሰማንያ ስምንት ይላል» አለችና የተናገረችውን ራሷ ስትሰማው አቀረቀረች።

መርማሪዋ ውኃ ቀዳችላት። ልጅቱ አልጠጣችም።

«እኔም አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ቃሬዛው ላይ ስናስረው ዓይኑን ገለጥ አደረገና ‹ሚጣዬ፣ አንገትሽን ሸፍኚ› አለኝ። እዚህ ‹ዶክተር› ነው የሚለኝ። ከቤት ውጭ ሚጣ ብሎኝ አያውቅም። እኔ ሳቅኩ። ‹አባባ፣ ትወናህ በዛ› አልኩት።» ብርጭቆውን ገፋ አደረገችው። «ኪሱ ያለው ወረቀት ላይ እንደዚያ በል የሚል አለ?»

«ለምን ፈለግሽው ልጄ?»

«ካለ ትወና ነው። ከሌለ ግን እኔን ነው ያለኝ።»

ወረቀቱ መርማሪዋ ቦርሳ ውስጥ ነበር። «ምርመራው ሲያልቅ እነግርሻለሁ» አለቻት። ቃሏ ለራሷም ጭካኔ መሰላት፤ ግን ማስረጃ ነው፣ ልጅቱም ከአራቱ አንዷ ናት።

ቀጥላ የገባችው ነርሷ ደንዳና፣ ድምፀ ወፍራም ሴት ናት። በሌላ ቀን ቢሆን ክፍሉን በሳቅ የምትሞላ ናት ይሏታል።

«እየሞቱ መሆኑን መጀመሪያ ያወቁት እርስዎ ነዎት አሉኝ።»

«የማሠልጠኛው ግቢ በር ላይ ስንደርስ ነው። ከንፈራቸውን አየሁት። ካርዱ ላይ ስለ ከንፈር የተጻፈ ነገር የለም። ልምምዱ ይቁም ብዬ ጮህኩ፣ ነጩን ቦርሳ ነጥቄ የመተንፈሻውን ፊኛ አወጣሁ። ረፍዶ ነበር እንጂ።»

«ማሰሪያውን በምን ቆረጡት?»

ነርሷ እጆቿን እያየች አሰበች። «አልቆረጥኩትም። ዚፑን ሳብኩት፣ ተከፈተ።»

«ቦርሳውን የያዘው ማን ነበር?»

«ደንጋጩ ነዋ፣ ረዳት አሰልጣኙ። መንገድ ላይ ካለው ወንዝ ዳር ግን ሁላችንም ሸክማችንን አስቀምጠን መሻገሪያ ፍለጋ ወዲያ ወዲህ ተበትነን ነበር። ማንም ተመልሶ ሊከፍተው ይችላል።»

«ደንጋጩ ለምን ተባለ?»

«ባለፈው ሳምንትም ጋሼ ታማሚ ሆነው ሲተኙ፣ የእውነት ራሳቸውን የሳቱ መስሎት ልምምዱ ይቁም ብሎ ጮኸ። ጋሼ አንድ ዓይናቸውን ገልጠው ‹ካርዱን አንብብ እንጂ ፊቴን አትይ› አሉት። ሳቅን፣ ሆዳችን እስኪቆስል። ከዚያ ወዲህ ደንጋጩ ሆኖ ቀረ።»

«ስሙን ያወጣለት ማነው?»

ነርሷ ልጅቱ የወጣችበትን በር አየች። «እንጃ፤ ረሳሁት» አለች።

ፋርማሲስቱ ቀጭን፣ የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነው። የማሠልጠኛው መድኃኒት ቤት ኃላፊ ሲሆን ዘንድሮ እሱም ለመሠልጠን ገባ።

«ኢንሱሊኑን የሰጧቸው እርስዎ ነዎት?»

አልካደም። «ለልጄ እንዳትነግር ብለው አስማሉኝ። ይህን ሥራ ከተውኩ በቁሜ ሞትኩ አሉኝ። እሺ አልኩ።»

«ሲያልባቸው ምንም አልጠረጠሩም?»

«እኔ ቃሬዛውን ከፊት ነበር የያዝኩት፤ ጀርባዬን ሰጥቻቸው። ቁርሳቸውን ክፍላቸው የበሉ መስሎኝ ነበር።» መሐረብ አውጥቶ ዓይኑን አበሰ። «እኔን ይያዙኝ፣ የሚገባኝ ነው።»

«ነጩን ቦርሳ ያሸጉት መቼ ነው?»

«ከሦስት ወር በፊት። ሁሉንም አንድ በአንድ አይቼ፣ ሁሉም ደህና ነበር። በየስድስት ወሩ ነው የምፈትሸው።»

መጨረሻ ላይ ረዳት አሰልጣኙ ገባ። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሥራው ከቡድኑ ጎን እየሄደ ለሠልጣኞቹ ነጥብ መስጠት ነበር።

«ነጩ ቦርሳ ውስጥ ምን ምን አለ?» መርማሪዋ ይህን ጥያቄ እንደ ዋዛ ነው የጠየቀችው።

«የመተንፈሻ ፊኛ፣ አድሬናሊን፣ ድድ ላይ የሚቀባ የስኳር ቅባት፣ የስኳር መለኪያ። ደሙ የሚያርፍባቸው የመለኪያው ወረቀቶች እንኳ ጊዜያቸው አልፏል፣ አያገለግሉም።»

«አመሰግናለሁ» አለች መርማሪዋ። «ነጥብ የሰጡበትን ደብተር ይተዉልኝ።»

ከሰዓት በኋላ አራቱንም ጠራቻቸው። ቃሬዛው አሁንም ግድግዳው ሥር ቆሟል፤ ማንም ወደዚያ አያይም። መርማሪዋ አልተቀመጠችም።

«የመጣሁት ነፍሰ ገዳይ ፍለጋ ነበር» አለች። «የለም። ያገኘሁት ሌላ ነገር ነው። ወንዙ ዳር ቃሬዛው ወርዶ ሳለ አንድ ሰው ነጩን ቦርሳ ከፍቷል። ነርሷ ማሰሪያውን አልቆረጡም፤ ቀድሞ ተቆርጧል። ያ ሰው የሟቹን እጅ ከብርድ ልብሱ አውጥቶ ወጋ፣ ቁጥሩን አየ፣ እጃቸውን መልሶ ሸፈነ። ሊጎዳቸው አስቦ ቢሆን ለምን ይለካቸዋል? የለካው ስለጨነቀው ነው።»

ፋርማሲስቱ ቀና አለ። «እኔን የሚሉ ይመስለኛል። ሕመማቸውን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።»

«እርስዎ ቢሆኑ በዕውቀት የጣታቸውን ጎን ይወጉ ነበር። ደግሞም ሕመሙን የሚያውቅ ሰው ሠላሳ አንድ የሚል ቁጥር አይቶ አይጠራጠርም። ይህ ሰው ግን ቁጥሩን ተጠራጥሮ ዝም ብሏል። ዶክተሯና ነርሷስ? እናንተ ሦስታችሁም ካርዱን ስታነቡ ነበር። በየተራ ሰማንያ ስምንት እያላችሁ ጻፋችሁ። ካርዱን ያመነ ሰው ጣት አይወጋም። የሰውየውን ፊት ሲያይ የነበረው ካርዱን ማንበብ ሥራው ያልሆነው ሰው ነው።»

ደብተሩን ገልጣ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ይህ ደብተር ከጠዋት ጀምሮ በየደቂቃው ተጽፎበታል። ማን ገመድ አላላ፣ ማን ቀድሞ ተናገረ፣ ሁሉም አለ። ከአራት ሰዓት ከሠላሳ አምስት በኋላ ግን አንዲት ፊደል የለበትም። ጸሐፊው ብዕር መያዝ አልቻለም። ደግሞም የመለኪያው ወረቀቶች ጊዜ ያለፈው ከሁለት ወር በፊት ነው፤ ቦርሳው የታሸገው ከሦስት ወር በፊት። ያሸጉት ሰው እንኳ አያውቁም። ነርሷም ፊኛውን ብቻ ነው ያወጡት። ወረቀቶቹ ጊዜያቸው ማለፉን ሊያውቅ የሚችለው ከፍቶ ያየ ሰው ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ ረዳት አሰልጣኙ ዞሩ። እሱ መሬት መሬቱን ያይ ነበር።

«ላባቸው ደስ አላለኝም» አለ ቀስ ብሎ። «ስለካ ሠላሳ አንድ አለ። ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ከዚያ የወረቀቶቹን ቀን አየሁ። አልፏል። እፎይ አልኩ፤ እፎይ ማለቴን መቼም አልረሳውም። ቁጥሩ ውሸት ነው፣ ጋሼ እየተወኑ ነው አልኩ። ደግሞ ጮሄ፣ ደግሞ ዓይናቸውን ገልጠው ቢስቁብኝስ? ግቢው አርባ ደቂቃ ነው፣ ስንደርስ በዝምታ ስኳር እሰጣቸዋለሁ ብዬ ነበር። ቅባቱ ኪሴ ውስጥ ነበር። እስከ በሩ ድረስ በእጄ ጨብጬው መጣሁ።»

«የወረቀቱ ጊዜ አልፏል» አለች መርማሪዋ። «የሰውየው ላብ ግን አላለፈም ነበር።»

ይህን ከተናገረች በኋላ ተጸጸተች፤ የሚያውቀውን ነው የነገረችው።

ያን ጊዜ ልጅቱ ተነሣች። የምትመታው ወይም የምትሰድበው መስሎት ረዳት አሰልጣኙ ፊቱን እንኳ አልሸፈነም።

«ስሙን ያወጣሁልህ እኔ ነኝ» አለችው። «ደንጋጩ ያልኩህ እኔ ነኝ። አባባን ለማሳቅ ብዬ ነው።»

ነርሷ መጥታ አቀፈቻት፣ ሁለቱም አለቀሱ። ፋርማሲስቱ ወደ መስኮቱ ዞረ። ውጭ ቆሞ የነበረው ፖሊስ ረዳት አሰልጣኙን ይዞ ሲወጣ፣ ሰውየው በሩ ላይ ቆም ብሎ ቃሬዛውን አየና ሄደ።

ክፍሉ ውስጥ መርማሪዋና ልጅቱ ብቻ ቀሩ።

«ምርመራው አልቋል» አለች ልጅቱ። «ቃል ገብተውልኛል።»

መርማሪዋ ለአፍታ ዋሽታ ልታሳርፋት አሰበች። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ በላብ የተሸበሸበውን ወረቀት አወጣችና ሰጠቻት። በሽማግሌው የእጅ ጽሑፍ የተጻፈ ነው፤ አንድ መስመር ብቻ፤ «ታማሚው ያቃስታል እንጂ አንዲት ቃል አይናገርም።»

ልጅቱ አነበበችው። አጥፋ ኪሷ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ግራጫ የአንገት ልብስ አንስታ፣ አንገቷ ላይ ሁለት ጊዜ ጠመጠመችው። ክፍሉ ግን ብርድ አልነበረውም።