የሁለት ቀን ቀጠሮ በገላባት

በሁለት ሺህ ዐሥራ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ነሐሴ ሃያ አምስት ቀን፣ ቅዳሜ ማለዳ፣ ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው ዝናብ የገዳሪፍን ጥቁር አፈር እንደ ሊጥ አቡክቶት ነበር፤ ማሽላው ከጉልበት አልፎ፣ ሰሊጡም አብቦ፣ ደግ ዘመን ቢሆን ኖሮ ገበሬውም ነጋዴውም ስለ መኸሩ ብቻ በተነጋገረ ነበር። ዳሩ ግን በካርቱም የተነሣው ጦርነት አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆኖት ነበር፤ በሰኔ መጨረሻ ሲንጃ ከተያዘች ወዲህም ከዚያ የሸሸው ሕዝብ የገዳሪፍን ትምህርት ቤቶችና የዛፍ ጥላዎች ሁሉ ሞልቷቸው ነበርና፣ ሁለት ሰዎች በተገናኙ ቁጥር የሚጠያየቁት ጦሩ የት እንደ ደረሰና ነዳጅ ከየት እንደሚገኝ ነበር።

በዚያች ማለዳ ባሽሙሐንዲስ ይልቃል ነጭ መኪናውን አስነሥቶ፣ ባለቤቱን ወይዘሮ ለተሥላሴን ከጎኑ አስቀምጦ፣ ወደ ገላባት በሚወስደው መንገድ ወጣ። ባሽሙሐንዲስ ማለት በሱዳኖች ዘንድ ዋና መሐንዲስ እንደ ማለት ነው፤ ይልቃል ግን ከስድስተኛ ክፍል በላይ ያልተማረ የጭልጋ ሰው ነበር፤ ማዕረጉንም ያገኘው ከመንግሥት ሳይሆን ሰናዕያ ከሚባለው የጋራዦች ሰፈር፣ ከሾፌሮች አፍ ነው። ሃያ ዓመት በዚያ ሰፈር በሽማግሌው በዐም ሙዘይን ጋራዥ ሠርቷል። ጦርነቱ ተነሥቶ የቤንዚን ዋጋ በየሳምንቱ ወደ ላይ ሲፈናጠር፣ ሌላው መካኒክ ሥራ ሲፈታ፣ የእርሱ ደጅ ግን በሰው ተሞላ። ካንዴላውን ጠርጎ፣ የቤንዚኑን መርጫ አጥብቦ፣ ለሾፌሩም ማርሽ መቼ እንደሚቀይርና በቁልቁለት መቼ እግሩን እንደሚያነሣ አስተምሮ፣ በአንድ ጀሪካን ሁለት ቀን ይሠራ የነበረውን ታክሲ ሦስት ቀን ያሠራው ጀመር፤ ሾፌሮቹም ይህ ሐበሻ መኪናን ሳይቀር ጾም ያስለምዳል እያሉ ይሥቁ ነበር።

የተቀመጡባት መኪና ትንሽ የኮሪያ ሥሪት ነበረች። ከካርቱም ሸሽቶ የመጣ አንድ ሰው ሞተሯ ተቃጥሎ ጥሏት ሲሄድ፣ ይልቃል ገዝቶ ዓመት ሙሉ ከሥራ ሰዓት በኋላ ሲጠግናት ከርሟል። ለተሥላሴ የሁመራ ሰው ናት፤ ከይልቃል ጋር የተዋወቁት በወጣትነታቸው፣ በሾዋክ በስደተኞች ቢሮ ደጃፍ ወረፋ ሲጠብቁ ነው። የሱዳን ሴቶች የሚጎናጸፉትን ቶብ የምትሸጥባትን ትንሽ ሱቅ ዘግታ ያላትን ሁሉ በዚህች መኪና ላይ አውላለች፤ ምክንያቱም ሐሳባቸው ጎንደር ገብተው መኪናዪቱን ለታክሲነት አሰማርተው መኖር ነበር። አንድያ ልጃቸው ማኅደር ጦርነቱ እንደ ተነሣ በዐሥራ አራት ዓመቷ ወደ ጎንደር፣ ወደ አክስቷ ቤት ተልካ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ በስልክ እንጂ በዐይን አልተያዩም።

ይልቃል ግን ለሚስቱ ያልነገራት ነገር ነበረው። በጥር ወር የኢትዮጵያ መንግሥት በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን በስልኩ ሰምቷል። አገሪቱ ለነዳጅ መግዣ የምታወጣው የውጭ ገንዘብ አንገቷን አንቆ ስለ ያዛት፣ ከእንግዲህ የሚገባው በኤሌክትሪክ የሚሄደው ብቻ ነው ተብሎ ነበር። ገላባት ወዳለው ነጋዴ ወደ ሐጅ ኢስሃቅ ደውሎ ቢጠይቅ፣ ሐጅ ኢስሃቅ ክልከላው መኪና እያመጡ ለሚቸረችሩት ሳይሆን አይቀርም፣ ከስደት ለሚመለስ ሰው ምናልባት ይፈቅዱ ይሆናል፣ መሞከር ነው አሉት። ይልቃል ከዚህ ንግግር «ምናልባት» የምትለዋን ቃል ጥሎ የቀረውን ለሚስቱ ነገራት።

መንገዱን ሁሉ ያች የጣላት ቃል አብራው ተጓዘች። በየኬላው ወታደሮች መታወቂያ ሲያዩ፣ ለተሥላሴ ልጇን ጎንደር ላይ ምን እንደምታበላት ስታወራ፣ እርሱ ዐይኑን ከነዳጅ መለኪያዋ መርፌ ሳይነቅል «እሺ» እና «አዎን» ብቻ ይመልስ ነበር። የዶካን ከተማ ሲያልፉ መርፌዋ ከግማሽ በታች ወረደች። ቀድሞ ገላባት የነዳጅ ችግር አልነበረባትም፤ በኢትዮጵያ በኩል ዋጋው ረከስ ይል ስለ ነበር በጀሪካን እየተሸሸገ ድልድዩን ይሻገር ነበር። አሁን ግን በዚያም ዋጋው ሽቅብ ወጥቷል፤ የመተማ መንገድም በአማራ ክልል በተነሣው ውጊያ ሲዘጋና ሲከፈት ከርሞ፣ የጀሪካኑ ገበያ ደርቋል።

ከረፋዱ በአምስት ሰዓት ገላባት ደረሱ። መኪናዪቱን በሐጅ ኢስሃቅ ሱቅ ደጅ አቁመው፣ የሱዳንን መውጫ አስፈርመው፣ ጉዳዩን አስቀድመው ለመጠየቅ ድልድዩን በእግራቸው ተሻገሩ። የጉምሩኩ ሹም ፀጉሩ የሸበተ፣ ትሑት ሰው ነበር፤ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብቦ መነጽሩን አወለቀ።

«ወንድሜ፣ በነዳጅ የምትሄድ መኪና ላስገባልዎ አልችልም፤ መመሪያው ከጥር ጀምሮ ነው። በኤሌክትሪክ የምትሄድ ብትሆን ኖሮ ዛሬውኑ አሳልፍዎት ነበር።»

ይልቃል፣ በገዳሪፍ መብራት የሚመጣው እንደ እንግዳ አልፎ አልፎ መሆኑን፣ ሰው ስልኩን እንኳ በጀኔሬተር ከፍሎ እንደሚሞላ፣ ይህችም መኪና ከሌሎቹ እጅግ ያነሰ ነዳጅ እንደምትወስድ፣ በእጁ እንዳስተካከላት አስረዳ። ሹሙ እስኪጨርስ ታግሦ ሰማውና እንዲህ አለው።

«አምንዎታለሁ። ግን ምን ያህል ትጠጣለች የሚል ጥያቄ በመመሪያው ውስጥ የለም።»

ለተሥላሴ ከኋላው ቆማ ሁሉን ሰምታ ነበር። ወደ ግቢው ሲወጡ በዝግታ፣ «ከጥር ጀምሮ ታውቅ ኖሯል?» ብላ ጠየቀችው። ይልቃል መሬት መሬቱን እያየ ማወቁን አመነ። አለመቆጣቷ ከቁጣ የከፋ ሆነበት፤ ፊቷ ላይ ያየው ሌላ ነገር ነበር፤ ብዙ ቀን የቆጠረች ሰው ድካም።

ወደ ሐጅ ኢስሃቅ ሱቅ ተመልሰው ሲመክሩ፣ ነጋዴው መኪናዪቱን የሚፈልግ አንድ የዶካ ሰው እንዳለና በማግስቱ ጠዋት ሊመጣ እንደሚችል ነገሯቸው። ሐጅ ኢስሃቅ ጨዋ ሰው ነበሩና ቁልፏን ለእርሳቸው ትተው ሁለቱም እንዲሻገሩ፣ ከተሸጠች ገንዘቡን እንደሚልኩላቸው አከሉበት፤ ይህ ጊዜ የሚታመን አይደለም አሉ። ይልቃል ግን መኪናዪቱን ተመለከተ። በውስጧ የለተሥላሴ ሱቅና የእርሱ የአንድ ዓመት ምሽቶች ነበሩ፤ ባዶ እጁን በሚስቱ እህት ደጅ መቆሙንም አሰበ። ገዢው ስለ ሞተሩ የሚጠይቀውን ከእርሱ በቀር የሚመልስ የለም ሲል ተከራከረ።

«ሁለት ቀን ብቻ ስጪኝ፤ ነገ ትሸጣለች፤ ሰኞ ጎንደር ነኝ» አላት።

«እኔ እሄዳለሁ» አለች ለተሥላሴ። «ማኅደር ሁለት ክረምት ጠብቃኛለች። አንተም ብትመጣ እወድ ነበር፤ አልለምንህም እንጂ።»

እቃዋን በአንድ ሻንጣና በአንድ ማዳበሪያ ይዛ ወደ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ድልድዩን ተሻገረች። ይልቃል እስከ መሐል ሸኛት፤ ሻንጣውን ከእጁ ስትቀበለው ጣቶቿ ቀዝቅዘው እንደ ነበር ኋላ ለብዙ ወራት አስታውሷል።

የገላባት ሰው በኢትዮጵያ ሲም ካርድ ይነጋገራልና ከቀኑ በዐሥር ሰዓት ስልኩ ጮኸ። ለተሥላሴ ከመተማ ወዲያ፣ በጎንደር መንገድ ላይ ካለችው ከሸኸዲ ነበረች። መኪኖች ከመተማ ተሳፋሪ ጭነው በፍጥነት እየወጡ መሆኑን፣ ሰው ሁሉ ውጊያ እየመጣ ነው እያለ ሱቁን እየዘጋ እንደ ሆነ፣ እርሷም ወደ ጎንደር የሚሄድ የመጨረሻ መኪና ላይ ቦታ ማግኘቷን ነገረችው።

«ይልቃል፣ አሁን ተሻገር። ቁልፉን ለሐጅ ስጥና ና። ሸኸዲ አድረህ ነገ ትከተለኛለህ።»

ይልቃል ድልድዩን አየ፤ ከቆመበት ሁለት መቶ እርምጃ አይሆንም፤ ሴቶች ጀሪካንና ፍየል ይዘው ወዲያና ወዲህ ይሉ ነበር፤ ሁሉም ነገር እንደ ዘወትሩ መሰለው። ገዢው ደግሞ ጠዋት ነው የሚመጣው።

«ነገ ከረፋዱ በፊት እሻገራለሁ» አላት።

ሾፌሩ እየተጣራ መሆኑን ተናግራ ዘጋችው።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ በመተማ በኩል ተኩስ ተከፈተ። የዶካው ሰው አልመጣም። ከድልድዩ ማዶ ሰው ልጁን እያዘለ፣ ፍራሹን እየጎተተ ወደ ገላባት ጎረፈ፤ የኢትዮጵያ ዘበኞችም ሳይቀሩ መሣሪያቸውን አስረክበው ገቡ የሚል ወሬ ተናፈሰ። ይልቃል ቁልፉን በእጁ እንደ ጨበጠ በሰው ጎርፍ ላይ ሽቅብ እየገፋ ድልድዩ አፍ ደረሰ፤ የሱዳን ወታደሮች ግን መንገዱን በገመድ ዘግተው ነበር። ሚስቱ ወደ ማዶ እንደ ሄደች ቢለምን፣ አንድ ወታደር ያለ ክፋት ትከሻውን ይዞ፣ «መግፉል፣ ያ ባሽሙሐንዲስ፤ ዝግ ነው» አለው። ከዚህ ቀደም ጋራዥ ያየው ሰው ይሆናል። በዚያው ቀን መተላለፊያው መዘጋቱ ታወጀ።

ከሰዓት በኋላ ይልቃል ለመመለስ ተነሣ። ሐጅ ኢስሃቅ ከሱቃቸው ያለችውን ጥቂት ቤንዚን ጨመሩለት፤ መርፌዋ ግን ከሩብ ብዙም አላለፈችም፤ ለሌላ ሰው ዶካ የምታደርስ፣ ለእርሱ ምናልባት ገዳሪፍ። ከመተማ የሸሸች መብርሂት የምትባል አሮጊት ከሁለት የልጅ ልጆቿ ጋር፣ ትንሹ ትኩሳት ይዞት፣ በመንገድ ዳር ተቀምጣ ሲያይ ሦስቱንም አሳፈረ። በቁልቁለቱ ማርሹን አውጥቶ ፎሌ እያደረገ፣ በሜዳው እግሩን በእንቁላል ላይ እንደሚያስቀምጥ እያለሰለሰ ነዳ፤ መኪናዪቱ ሳል ባሰማች ቁጥር ዐይኑን ወደ መርፌዋ ይመልስ ነበር። መብርሂት ወዴት እየሄዱ እንደ ሆነ ጠየቀችው፤ ሆስፒታል አላት። ገዳሪፍ ሊገቡ ጥቂት ሲቀራቸው ሞተሩ ጠፋ፤ መንገደኞች ገፍተውለት በመጀመሪያው ሰፈር ባጃጅ አገኙ፤ ልጁም ሐኪም ዘንድ ደርሶ ዳነ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ወራት ለይልቃል እንደ ቀድሞው የሥራ ወራት ነበሩ፤ ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አጣ። መኪናዪቱን የሚገዛት አልተገኘም፤ ነዳጅ በታጣበት ከተማ ማን መኪና ይገዛል? ዐም ሙዘይን እያስተዛዘኑት፣ ሰው ያለውን ይዞ መቅረቱ ኃጢአት አይደለም ይሉት ነበር፤ እርሱ ግን አልተጽናናም። ስልክ በተገኘ ጊዜ ለተሥላሴ ስለ ጤናው፣ ስለ ጦሩ፣ ስለ ሁሉ ትጠይቀዋለች፤ ስለ መኪናዪቱ ግን አንድም ቀን ጠይቃው አታውቅም። በጠየቀችኝ ብሎ ይመኝ ነበር።

በታኅሣሥ፣ ሰሊጡ ታጭዶ ማሽላው ሲቆረጥ፣ መኪናዪቱን ለዐም ሙዘይን አስረክቦ፣ ወደ አገራቸው ከሚመለሱ የአጨዳ ሠራተኞች ጋር ተቀላቀለ፤ ከዋናው መንገድ ርቀው በጫካ፣ ቀን እየተኙ በማታ እየተጓዙ በስድስተኛው ቀን ቋራን ረገጡ። ጎንደር ሲገባ በሩን የከፈተችለት ማኅደር ነበረች፤ ቁመቷ እናቷን አልፎ ነበርና ለቅጽበት አላወቃትም፤ እርሷም ጢሙን አይታ እንደ እንግዳ «ማንን ፈልገው ነው?» አለችው። ለተሥላሴ ከጓዳ ድምፁን ሰምታ ወጣች፤ አየችው፤ የምትቀመጥበትን በርጩማ አንሥታ አቀረበችለትና እግሩ ላይ ያለው ቁስል ከየት እንደ መጣ ጠየቀችው።

በጎንደርም ባጃጆች ከማደያ ደጅ ጀምሮ ረጅም ሰልፍ ይዘው ያድሩ ነበር። ይልቃል መፍቻዎቹን ተበድሮ በዚያ ሰልፍ ዳር ሥራ ጀመረ።

የዚያን ዘመን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች መመሪያው በየትኛው ወር እንደ ወጣ፣ ቤንዚን በየወሩ ምን ያህል እንደ ናረ፣ የገላባት መተላለፊያ በየትኛው ቀን እንደ ተዘጋ አይዘነጉም፤ ሹማምንቱ ያሰቡትም ለአገር በጎ ይሁን ብለው እንደ ነበር ይጽፉ ይሆናል፤ ሐሰትም አይሆንም። ነሐሴ ሃያ አምስት ቀን፣ ከቀኑ በዐሥር ሰዓት፣ ድልድዩ ገና ክፍት እንደ ነበረ ግን የሚጽፍ የለም፤ እርሱን የሚያውቁ አንድ ባልና አንዲት ሚስት ብቻ ናቸው፤ እነርሱም በአንድ ማዕድ እየበሉ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር እያደሩ፣ ስለዚያች ሰዓት እስከ ዛሬ ተነጋግረው አያውቁም።