የባለሟል ፀጉር

መጋረጃ ሰፊዋ ውሻዋን ታቅፋ ወደ እንስሳት ክሊኒኩ ስትገባ፣ በመጠበቂያው ክፍል የነበሩት ሰዎች እየተነሱ ወንበር ቀየሩ። አልተቀየመቻቸውም። ባለሟል ዓመት እንኳ ያልሞላው ቡናማ ውሻ ነው። አሁን ግን በዓይኖቹ ዙሪያና በፊት እግሮቹ ላይ ፀጉሩ ረግፎ፣ ቆዳው ቀልቶ፣ አንገቱ ሥር መግል ቋጥሮ ለዓይን ያስጨንቃል። በዚያ ላይ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ይሸታል።

ሐኪሙ ረጅም፣ አነጋገሩ ዝግ ያለ ወጣት ነበር። ሽታው እንደደረሰው ፊቱ ጠቆረ።

«ዘይት ማን ቀባው?»

«አክስቴ ናት። ጎረቤት መድኃኒት ነው ብሏት።»

«ይልሰዋል እኮ! ቆዳውን ያቃጥለዋል፤ ሆዱ ሲገባ ደግሞ መርዝ ነው። ሁለተኛ እንዳይደገም።»

ቁጣው ግን እጁ ላይ አልደረሰም። ቁንጫ እንዳለ ለማየት ጀርባውን በቀጭን ማበጠሪያ አበጠረው፤ የጆሮውን ጠርዝ ዳሰሰ። ከዚያ የተላጠውን ቆዳ ደም እስኪያዥ በስለት ፋቅ ፋቅ አድርጎ፣ የወጣውን ቀጭን መስታወት ላይ ቀባና ወደ ማይክሮስኮፑ ጎንበስ አለ።

«ቤት ውስጥ የሚያሳክከው ወይ ፀጉሩ የሚረግፍ ሰው አለ?» አለ ቀና ሳይል። «ከውሻ ወደ ሰው የሚተላለፍ ስለሚኖር ነው የምጠይቅዎት።»

እጇ ሳታዘው ወደ ሻሿ ሄደ።

«የለም» አለች።

«በፀጉሩ ሥር የሚኖር ጥቃቅን ተባይ ነው» አላት። ክኒን ሰጣት። በመድኃኒት ሳሙና በየሳምንቱ እንድታጥበው ነገራት። እሷ ግን ከ«ፀጉር ሥር» ወዲህ ያለውን አልሰማችም።

ፀጉሯን ያረገፈው ላሽ የጀመራት ከጆሮዋ ኋላ፣ በአዝራር ልክ ነበር። እየሰፋ ሄዶ ራሷን ሁሉ ወሰደው። የታጨችለት ሾፌር መጀመሪያ መምጣት ቀነሰ፤ ኋላም ደብዛው ጠፋ። ያሳደገቻት አክስቷ «ገበናሽን ለሰው አታውጪ» ስላለቻት፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከአክስቷ በቀር ሻሿን አውልቃ ያያት ሰው የለም። ባለሟል ብቻ ነበር ትራሷ ላይ፣ ከተራቆተው ራሷ ተጠግቶ የሚያድረው። የእሱም ፀጉር መርገፍ ሲጀምር ሌላ ጥፋተኛ አልፈለገችም።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ውሻው ብሶበት መጣ። ክኒኑን ወስዷል። ቅርፊቱ ግን ተደራርቦ መግሉ ከሥሩ ተጠራቅሟል።

«አላጠቡትም» አለ ሐኪሙ፣ እንደገና የፋቀውን ከማይክሮስኮፑ ሥር እያስገባ።

የውሻውን ማሰሪያ ጣቷ ላይ ጠመጠመች።

«የት ነው የሚያድረው?»

«ግቢ፣ ከግንቡ ሥር። አስሬዋለሁ።»

«ይኼን የታመመ እንስሳ?» ድምፁ ከፍ አለ። «መንካት ከተጠየፉት ለምን አመጡት?»

ይህን ጊዜ እጇን ሰደደችና ሻሿን ፈታችው።

«ተጠይፌው አይደለም» አለች። «እኔ ነኝ ያስያዝኩት።»

ባለሟል የጠረጴዛውን ብረት በጥፍሩ ይቧጥጣል። ከግራ ጆሮዋ በላይ ከቀረች ጭብጥ ፀጉር በቀር ራሷ ባዶ ነበር። ሐኪሙ ዓይኑን አላሸሸም፤ አላፈጠጠባትምም። እንደ ማንኛውም ሰው ፊት አያትና ወንበሩን ለቀቀላት።

«ነይ፣ እዪ» አለ። አንቱታውን የት እንደጣለው እሱም ልብ አላለም።

በማይክሮስኮፑ ውስጥ እንደ ካሮት ሾጠጥ ያሉ ነገሮች አጫጭር እግሮቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ።

«እነዚህን ከእናቱ ነው የወሰዳቸው፤ ገና ዓይኑን ሳይገልጥ፣ ጡት ሲጠባ። ብዙ ውሻ ላይ አሉ። የእሱ ሰውነት መቋቋም ሲያቅተው ተባዙበት። ወደ ሰው አይተላለፉም፤ ከሰውም አይመጡም። ያንቺን የሚያውቅ የቆዳ ሐኪም ነው፤ እኔ የሰው ሐኪም አይደለሁም። እሱን ግን ምንም አላደረግሽውም።»

ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ባለሟል እንባዋን ሊልስ ተንጠራራ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ፊቷን ሰጠችው።

አስተጣጠቡን ሊያሳያት ከክሊኒኩ ጓሮ በሳፋ ውኃ ቀዳ። ሳሙናው ቶሎ ከታጠበ አይሠራም፤ አረፋው ቆዳው ላይ መቆየት አለበት። ስለዚህ ሁለቱም ዝቅ ባለ ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ የራሰውን ውሻ ከወዲያና ከወዲህ ይዘው መጠበቅ ነበረባቸው። ፍቅራቸው የተጀመረው በዚያ አረፋ መጠበቂያ ላይ ነው። በየሳምንቱ መጣች። አንዳንዴ ሲያወሩ፣ አንዳንዴም ዝም ብለው የአረፋውን መፈንዳት ሲሰሙ ይቆያሉ።

«የሰውን መስኮት ሁሉ አልብሰሽ የራስሽ ምን ዓይነት መጋረጃ አለው?» አላት አንድ ቀን።

«ባዶ ነው። እኔን ማን ያያል ብዬ።»

ሐኪሙ ወደ አረፋው አጎነበሰ። ጆሮው ግን ቀላ፤ እሷም አየችው።

የሄደችበት የቆዳ ሐኪም ቅባትና መርፌ ሰጣት። «ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል» አላት። የባለሟል ፀጉር ግን መጀመሪያ እንደ ከፋይ ጨርቅ ለስልሶ ብቅ አለ፤ ከዚያ ጠቆር ብሎ ጥቅጥቅ አለ።

«በውሻ ቀናሁ» አለችው አንገቷን ደፍታ። «ትናንት ሲታከከኝ ገፋሁት።»

አልሳቀባትም። ሳሙና ባለበት እጁ እጇን ያዘ፤ አረፋው እስኪደርቅ አልለቀቃትም።

ከእናቱ ጋር ሊያስተዋውቃት ሲጠይቃት አክስቷ መከረቻት። «ዓይንሽን በጨው ታጠቢና ዝም በይ። ከተጋባችሁ በኋላ ቀስ ብሎ ይነገራል።»

አልቻለችም። እናትየው ቤት እንደተቀመጡ ሐኪሙ ለአንዲት ምጥ ለጠናባት ላም ተጠርቶ ወጣ፤ እሷም ሁሉንም ለእናቱ ነገረቻቸው። እናትየው ክፉ ሴት አልነበሩም። በለሆሳስ ተናገሩ፦

«ልጄን አውቀዋለሁ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ የቆሰለ ነገር ካየ ሳያመጣ አይገባም። ክንፉ የተሰበረ ወፍ፣ እግሩ የተቀጠቀጠ ድመት… ሆዱ ባብቶልሽ እንዳይሆን ነው የምፈራው፣ ልጄ። ለሱም፣ ላንቺም።»

ከዚህ በላይ የሚያቆስል ነገር ሰምታ አታውቅም። ሐኪሙ ሳይመለስ ወጥታ ሄደች፤ ወደ ክሊኒኩ ጓሮም ድርሽ አላለችም።

ሰንበትበት ብሎ ሐኪሙ መስፊያ ቤቷ በር ላይ ቆመ። የስፌት መኪናውን አላቆመችም።

«አዝነህልኝ ነው?» አለችው፣ በመኪናው ጩኸት ላይ።

«ማን አለሽ?»

«እናትህ። ክንፉ የተሰበረ ሁሉ አንተ ቤት ይገባል አሉ።»

«እውነቷን ነው» አለ። «ገብተሽ አይተሻል አይደል ቤታችንን? ወፍ አየሽ? ድመት አየሽ?»

አሰበች። ምንም አልነበረም።

«የዳነውን እሸኛለሁ። በዚያው እረሳዋለሁ፤ ስሙንም አላስታውሰው። ባለሟል ከዳነ ቆይቷል። ሁለት ጊዜ ፍቄ አየሁት፣ አንድም ተባይ የለበትም። እኔ ግን በየሳምንቱ ይታጠብ እያልኩ እጠራሽ ነበር። ያሳዘንሽኝ አንድ ቀን ነው፤ ከዚያ ወዲህ የራሴ ነገር ነው ያሳዘነኝ። አንቺ የማትመጪበት ሳምንት አያልፍልኝም።»

የስፌት መኪናው ቆመ።

«አንተ ውሸታም ሐኪም!» አለች። «ያን የተረገመ ውሻ ስታሳጥበኝ የከረምከው በከንቱ ነው?»

እየሳቀች ነበር፤ ዓይኗ ግን ሞልቶ ፈሰሰ። ወደ ውስጥ ገባና ተቀምጦ፣ የጀመረችውን መጋረጃ እስክትጨርስ ጨርቁን ጠርዝ ጠርዙን ያዘላት።

በማግስቱ አብረው ወደ እናቱ ቤት ሄዱ። ውጭ ቀዝቃዛ ንፋስ ይነፍሳል። ገና ከመግባታቸው፣ ሰላምታው ሳያልቅ፣ ሻሿን ፈታ እጇ ላይ ያዘችው። ሐኪሙ ከኋላዋ በሩን እንደከፈተ ቀረ።

እናትየው ከወንበራቸው ተነስተው ቀረቡና ራሷን ትክ ብለው አዩት። እጃቸውን ሊዘረጉ ብለው ተዉት። እንደገና ዘረጉና መዳፋቸውን መሃል ራሷ ላይ አሳረፉ።

«አይበርድሽም?» አሉ።

ይህን ማንም ጠይቋት አያውቅም።

«ማታ ማታ ይበርደኛል፣ እማማ።»

እናትየው መዳፋቸውን ሳያነሱ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ታዲያ አንተ ምን ተገትረህ ታየኛለህ? በሩን ዝጋው እንጂ! ንፋስ አስገባህባት።»