ክሬኑ በቆመበት ቀን

ፎርማኑ የወደቀው በቆመ ፌሮ ላይ ነው። አንዱ ብረት በደረቱ ገብቶ በጀርባው ወጥቷል፤ ሌላው ጭኑን ወግቶ እዚያው ቀርቷል። ፊቱን ወደ መሬት አድርጎ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ እንደተሰቀለ ነው። ደሙ በብረቱ እየወረደ ሥሩን አጥቁሮታል። ነፋሱ ሸሚዙን ሲያርገበግበው ሊነሣ የሚታገል ይመስል ነበር።

ኢንስፔክተሯ አጭር፣ ወፈር ያለች፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ናት። ሌላው ሰው ፊቱን ሲያዞር እሷ ተጠግታ የሟቹን ማጅራት አየች። የራስ ቅሉ ከኋላ ተደርምሶ ገብቷል።

«በፊቱ ወድቆ ኋላውን ምን ሰበረው?» አለች።

ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ መልስ ነበረው። ላይኛው ፎቅ ላይ ደምና ፀጉር የተጣበቀበት ትልቅ የብሎን መፍቻ ተገኝቷል። መፍቻው የበያጁ ነው። በያጁ ጠዋት ከፎርማኑ ጋር ሰው እያየ ተደባድቦ «ዋጋህን ታገኛለህ» ብሎታል። ሸሚዙም በደም ተነክሯል።

«ነገሩ ያለቀ ነው» አለ ፖሊሱ።

«ካለቀ እኔን ለምን አስጠራችሁኝ?»

ፖሊሱ በጣቱ ወደ ተጠርጣሪው አመለከተ።

በያጁ እጁን ታስሮ ብሎኬት ክምሩ አጠገብ ቆሟል። ገና ወጣት ነው። ከንፈሩ ተሰንጥቆ አብጧል፤ ከፊት ጥርሶቹ ሁለቱ የሉም። ከሱ ራቅ ብላ አንዲት ሴት መሬት ላይ ተቀምጣለች። የሟቹ ሚስት ናት፤ የበያጁም ታላቅ እህት። እናታቸው ስትሞት ያሳደገችው እሷ ናት። ባሏን ለምና ሥራ ያስገባችውም እሷ ናት። ለእንዲህ ያለ ግድያ ፍርዱ ሞት መሆኑን እዚያ የቆመ ሁሉ ያውቃል። ባሏን ቀብራ ሳትጨርስ ወንድሟን ልትቀብር ነው። ልጁ «እታለም» እያለ ይጠራታል። እሷ ቀና ብላ አላየችውም።

ሕንፃው በክልሉ ረጅሙ ይሆናል ተብሎ የተጀመረ ነው። ይሁንና ከመንገዱ ማዶ ሌላ ተነሣ። አንዱ ፎቅ ሲጨምር ሌላውም ይጨምራል። ሠራተኞቹ «ሕንፃው በረዘመ ቁጥር የጌታው ትዕግሥት ያጥራል» ይላሉ። በዚህ ሳምንት የማዶው በለጠ። ባለሕንፃው ጫፉ ላይ የሚተከለው ረጅም የብረት ዘንግ ዛሬውኑ ይውጣ ብሎ አዘዘ። ዘንጉ ታች ተጋድሟል። ነፋሱ ግን ከንጋት ጀምሮ በርትቶ ስለነበር ክሬኑ ቆሟል።

ኢንስፔክተሯ ከታች ጀመረች። ፌሮ ከሚያስሩት መካከል ወሬ ወዳድ በመሆኑ «ጋዜጣ» የሚሉት ሰውዬ ሌሎቹን ቀድሞ ተናገረ። ፎርማኑ ኃይለኛ ነበር አለ። አምና እንዲህ ባለ ነፋስ ብረት አስነሥቶ፣ ጊዜ የለም ብሎ ፊሽካ እንኳ ሳያስነፋ፣ እስሩ ተፈትቶ እዚሁ ቦታ ላይ ሁለት ሰው ጨፍልቋል። አንደኛውን ከመሬት የለቀሙት በአካፋ ነው። ከዚያ ወዲህ ላይ የሚሠራ ሁሉ ፊሽካ አንገቱ ላይ ያስራል። አንድ ረጅም ከተነፋ የሚወርድ ነገር አለ ማለት ነው፤ ታች ያለው ግድግዳ ሥር ይገባል።

«ዛሬስ?»

«ዛሬማ ፊሽካው ሲነፋ ሮጠን ገባን። ገና ጀርባችንን ሳናስጠጋ ዱብ አለ። እኔ የሲሚንቶ ከረጢት መስሎኝ ምነው ዛሬ እንኳ ቀስ ቢሉ ብዬ ተሳደብኩ።» አንገቱን ደፋ። «ሬሳ ሰደብኩ ማለት ነው።»

ላይ የነበሩት አራት ናቸው፤ ሟቹ፣ በያጁ፣ ወጣቱ መሐንዲስና ምልክተኛው። ምልክተኛው ለክሬኑ ኦፕሬተር በእጅና በፊሽካ ምልክት የሚሰጥ ሽማግሌ ነው፤ ሁሉም ጋሼ ይሉታል። ኦፕሬተሩ ደግሞ ከነሱ በላይ ክሬኑ ክፍል ውስጥ ነበር።

ወደ ሠራተኛ ሊፍቱ ሲሄዱ አስከሬኑን ለማውጫ የሚሆን ጣውላ በገመድ ይወርድ ነበርና ከላይ ፊሽካ ተነፋ። ሁሉም ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። መሐንዲሱ ግን በስልኩ እያወራ መንገዱን ቀጠለ። ምልክተኛው ኮሌታውን ይዞ ወደ ኋላ ሳበው።

«ምን ሆነሃል ሰውዬ?» አለ መሐንዲሱ።

«ሲነፋ ግድግዳ ነው ልጄ» አለው ሽማግሌው በቀስታ። «አናትህ አንድ ነው።»

ላይ ነፋሱ ያንገዳግዳል። የማዶው ሕንፃ ፊት ለፊት ተደቅኗል። በውስጠኛው ምሰሶ ሥር ደም ረግቷል፤ ከዚያ እስከ ሶሌታው ጠርዝ ሰፊ የደም ጭረት አለ። ኢንስፔክተሯ ጭረቱን ተከትላ እስከ ጠርዙ ሄደች፤ ወደ ታች አየችና ጉልበቷን ይዛ ተመለሰች።

መሐንዲሱ ከዋናው ቢሮ በቅርቡ የተላከ ነው። በወዲያኛው ጥግ ከባለሕንፃው ጋር ስልክ ሲያወራ እንደነበር ተናገረ። የጠዋቱን ጠብ አይቷል፤ በያጁ በዚህ ነፋስ የዘንጉን መሠረት አልበይድም ሲል ፎርማኑ በቡጢ አፉን አለው፤ ሲወድቅም በጫማው ደገመው። ኦፕሬተሩ የክሬኑን ክንድ ከነፋሱ ጋር እንዲዞር እንደለቀቀው፣ ፎርማኑ በሬዲዮ አንሣ ቢለው እምቢ እንዳለ፣ ከክፍሉም እንዳልወረደ አስረዳ። ወርዶ ቢሆን በመሰላሉ ላይ ታች ያለው ሁሉ ባየው ነበር። እዚያ ሆኖ ታች ላሉት የሚያሰማው ጥሩምባ ብቻ ነው፤ ፊሽካ የለውም። ምልክተኛው አንድ ፎቅ ወርዶ ውሃ ሲጠጣ እንደነበረ፣ ከነፋሱ በቀር አንዳች እንዳልሰማ ተናገረ። እየተናገረ አንገቱ ላይ ያለውን ፊሽካ በአውራ ጣቱ ያሻሸው ነበር።

በያጁን ያነጋገረችው ታች ተመልሳ ነው። መፍቻውን ዘንጉ የሚቆምበት ቦታ ጥሎት፣ ራቅ ካለ ሌላ ምሰሶ ማዶ ተቀምጦ ደሙን ሲተፋ እንደነበር፣ ፊሽካውን ቢሰማም እንደወትሮው ዕቃ የሚወርድ መስሎት እንዳልተነሣ በተኮላተፈ አፍ ነገራት። ውሃ ሰጠችው። ውሃው በከንፈሩ ጥግ እየፈሰሰ ደረቱን አራሰው። ኢንስፔክተሯ ከንፈሩን አተኩራ አየች።

ከሰዓት በኋላ አስከሬኑ ከተነሣበት ቦታ አጠገብ፣ ግድግዳው ሥር ሁሉንም ሰበሰበቻቸው። ባለሕንፃውም መጣ። ሥራው መቼ እንደሚቀጥል ጠየቀ፤ ማዶ ያለው ሕንፃ አይጠብቀኝም አለ። 

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ይህ ሰው ከኋላው ተመትቷል። ወድቋል። ተጎትቶ ተጥሏል። እዚህ ድረስ ሁላችንም አንድ ነን። ጋዜጣ፣ ፊሽካው የተነፋው መቼ ነው?»

«ከመውደቁ በፊት።»

«ክሬኑ ቆሞ ነበር። መሐንዲስ፣ ከላይ የሚወርድ ነገር ያዘዘ ሰው ነበር?»

መሐንዲሱ ማንም አላዘዘም አለ።

«እንግዲህ ዛሬ ጠዋት ከዚህ ሕንፃ የወረደው ነገር አንድ ብቻ ነው። ሰው ተሳስቶ ሲወድቅ ቀድሞ ፊሽካ የሚነፋለት የለም። የነፋው እንደሚወርድ ያወቀ ነው። ያወቀውም የጣለው ነው።»

ከፌሮ አሳሪዎቹ አንዱ ቀስ ብሎ ቆቡን አወለቀ።

«ገዳይ ሬሳ ሲጥል ለምን ይነፋል?» ብላ ቀጠለች። «እኔም ይህ ነበር የከበደኝ። ፊሽካ ሳይነፋ የወረደ ነገር ምን እንደሚያደርግ አይቶ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ ያጣ ሰው ይነፋል። እጁ በደም ተነክሮም ይነፋል። ኦፕሬተሩ ከክፍሉ አልወጣም። መሐንዲሱ ፊሽካ ሲነፋ ምን እንደሚደረግ አያውቅም፤ ዛሬ ጠዋት ሁላችንም አይተነዋል።»

ወደ በያጁ ሄደች። የገዛ ፊሽካውን ከአንገቱ አንሥታ አፉ ላይ አደረገችለት።

«ንፋ።»

ልጁ ነፋ። ከተሰነጠቀው ከንፈርና ከባዶው ድድ አየር ብቻ ወጣ፤ ደም የቀላቀለ ምራቅ እጇ ላይ ተረጨ። ደግሞ ሞከረ፤ ያው ነው። እህቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው።

«ሸሚዙ ላይ ያለው ደም የራሱ ነው» አለች ኢንስፔክተሯ እጇን እየጠረገች። «ፎርማኑ አፉን ሲሰብረው ነፍሱን አተረፈለት። አንድ ሰው ቀረ። ጋሼ፣ እዚህ መሬት ላይ የተሰማ ፊሽካ እርስዎ አንድ ፎቅ ወርደው እንዴት አልሰሙትም?»

ሽማግሌው አልካደም። ፎርማኑ ሌላ ኦፕሬተር ማስጠራቱን፣ ምልክቱን ራሱ ሰጥቶ ዘንጉን በሰዎቹ አናት ላይ ሊያስነሣ መሆኑን በደረቀ ድምፅ ተናገረ። ታች ፌሮ የሚያስሩትን አሳይቶ ለመነው። ፎርማኑ ሳቀና ጀርባውን ሰጠው። መፍቻው እግሩ ሥር ነበር። አንዴ መታው፤ ሲወድቅም ደገመው። ከዚያ ተሳስቶ የወደቀ እንዲመስል እስከ ጠርዙ ጎተተው፤ ፊሽካውን ነፋና ጣለው።

«አምና ዝም አልኩ» አለ። «የሁለቱን ሥጋ እኔም ለቅሜአለሁ። ዘንድሮ ዝም ማለት አልቻልኩም።»

ከሠራተኞቹ መካከል አንድ ሁለቱ አንገታቸውን ደፉ። 

«ለታቾቹ ነፉላቸው» አለች ኢንስፔክተሯ። «ይህ ልጅ ግን ከጠዋት ጀምሮ ዓይንዎ ሥር ታስሮ ቆሟል። ገመድ ሊወርድበት ነበር። ፊሽካው አንገትዎ ላይ ነው። ለእሱ አልነፉለትም።»

ሽማግሌው ዓይኑን ከልጁ አሸሸ።

የሟቹ ሚስት ተነሣች። በያጁን አልፋ ሄደች። ከብሎኬቱ ስባሪ አንሥታ የሽማግሌውን ፊት መታችው። ቅንድቡ ተፈለጠ። እጁን እንኳ አላነሣም። ልትደግመው ስትል ወንድሟ በታሰረ እጁ ክንዷን ያዛት። ስባሪውን ጣለች፤ ዞራ በሻሿ ጫፍ የልጁን አፍ መጥረግ ጀመረች። አጥብቃ ስለጠረገችው ልጁ በሕመም ተኮማተረ፤ ግን አልሸሸም።

ፖሊሱ የልጁን ካቴና ፈትቶ ለሽማግሌው አሰረው። ባለሕንፃው ሁሉንም ትቶ የማዶውን ሕንፃ ጫፍ ያይ ነበር።

ሽማግሌው ደሙ በዓይኑ ላይ እየወረደ መራመድ ጀመረ። ግድግዳው ሲያልቅ፣ ወደ ገላጣው ከመውጣቱ በፊት፣ ቆመና ቀና ብሎ ወደ ላይ አየ። ፖሊሱም አብሮት ቆሞ ቀና አለ።

የሚወርድ ነገር አልነበረም። ወጡ።