የመጨረሻው መኪና ባዶ እጁን መጣ

መንገድ ሥራው ላይ መኪና የምታስቆመውን ልጅ ሾፌሮቹ «ግንቧ» ይሏታል። አንዴ «ቁም» ካለች አለች ነው፤ አለቃዋም ቢመጣ አታሳልፍም።

መንገዱ ግማሹ ተቆፍሯል። በቀረው ግማሽ፣ በገደሉና በጉድጓዱ መሃል፣ አንድ መኪና ብቻ ያልፋል። እሷ ከታች፣ አብሯት የሚሠራው ልጅ ከላይ ቆመው መኪና በየተራ ይለቃሉ። ኩርባው ስለሚጋርዳቸው አይተያዩም፤ ስልክም እዚያ አይሠራም። ስለዚህ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ዱላ አላቸው። ከላይ የመጨረሻው መኪና ዱላውን ይዞላት ይወርዳል። ዱላው ከደረሳት መንገዱ ባዶ ነው ማለት ነው፤ የእሷን ትለቃለች።

ሦስት ወር ሙሉ ጠዋትና ማታ በአንድ ፒክአፕ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ከ«እንደምን አደርሽ» ሌላ ወሬ የለም። ግን ከፒክአፑ ሲወርድ ዞር ብሎ የሚያያት አስተያየት ቤቷ ድረስ ይከተላታል።

የዚያን ቀን አንድ የጭነት መኪና ወርዶ አጠገቧ ደረሰ።

«ዱላውስ?»

«የምን ዱላ? ምንም አልሰጠኝም።»

«ከኋላህ ሌላ መኪና አለ?»

«እኔ እንጃ» ብሏት ሄደ።

እሱ እንዲህ አይሳሳትም። መኪና ገጭቶት ይሆን? አሥር ደቂቃ አለፈ፣ ሃያ ሆነ። ሄዳ እንዳታይ፣ ዞር ካለች ሾፌሮቹ ጥሰው ይገባሉ።

«እህቴ፣ መንገዱ ጭር ብሏል!» አለ የሚኒባሱ ሾፌር። «እዚሁ ልናረጅ ነው?»

«አርጅ! ሽበት ያምርብሃል።»

«እሺ እኔ ብቻ ልሂድና ምን እንደሆነ ልይልሽ።»

ይቺ ፈተነቻት። አንድ መኪና ብትለቅ የእሱን ወሬ ትሰማለች። በአንድ ፊቱ «ቁም»፣ በሌላው «ሂድ» የተጻፈበትን ሰሌዳዋን ወደ «ሂድ» ግማሽ አዞረችው። መልሳ «ቁም» አደረገችው።

ያኔ ከኩርባው አንድ ሰው ብቅ አለ። እሱ ነው፤ በእግሩ፣ አቧራ ለብሶ፣ ዱላውን ይዞ። መኪና ብትለቅበት ኖሮ መሸሻም አይኖረውም ነበር።

«አንተ ደንቆሮ! የሞትክ መስሎኝ ነበር እኮ!»

«ዱላው ላይ ወረቀት ላስርልሽ ብዬ… የምጽፈው ጠፍቶኝ ስቆም መኪናው አመለጠኝ። ሌላ መኪና ልልክ ብል፣ ምናልባት ለቀሽ ከሆነ ሰው መጨረስ ነው። በእግሬ መጣሁ።»

«ብለቅስ ኖሮ?»

«አንቺማ አትለቂም።»

ዱላውን ከእጁ ተቀበለችው። «ምን ልትጽፍ ነበር?»

አንገቱን ደፋ።

«ወንድሜ፣ ተናገርና እንለፍ!» አለ የሚኒባሱ ሾፌር።

«አግቢኝ ልልሽ ነበር።»

ከላይ እስከ ታች አየችው። ከንፈሩ ደርቋል፣ ጉልበቱ ደምቷል።

«የመጨረሻው መኪና ላይ ውጣና ተመለስ» አለችው። «እሁድ ቤት ና። የዛሬውን ጉድህን ግን ለእናቴ እንዳትነግራት፤ ለዝንጉ ልጄን አልድርም ትላለች።»

መኪኖቹ ሲያልፉ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች።

መንገዱ ገና አላለቀም። ዛሬም ከላይ ረጅም ጡሩምባ በሰማች ቁጥር፣ መኪና ገጭቶት ይሆን ብላ ትደነግጣለች። ባሏ ነዋ እዚያ የቆመው።