ቀን የሚተኛው ሰው

እሑድ ማለዳ የወረታ ሩዝ መፈልፈያዎች ዝም ይላሉ። ወይዘሮ ገላነሽ ደጁን ጠረጉ፤ መደቡ ላይ አጎዛ አነጠፉ፤ የባላቸውን ጥቁር ኮት ተኩሰው ወንበር ላይ አንጠለጠሉ። ልጃቸውን እየሩስን ለጋብቻ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ከይፋግ ይመጣሉ። ከዚያ ባላቸውን ሊቀሰቅሱ ገቡ። አቶ ገብረማርያም ሞተዋል።

ሳጅን ውባንቺ ስትደርስ ግቢው ውስጥ ያለው የሟቹ መፈልፈያ ዘበኛ አበረ በካቴና ታስሮ አጥሩ ሥር ተቀምጧል። አልጋው አጠገብ ባለው የወተት ኩባያ ውስጥ ያልሟሟ የኪኒን ስባሪ ተገኝቷል። ወተቱን ያለበው አበረ ነው። ፖሊስ የጠራው የሟቹ ታናሽ ወንድም ባየህ ደግሞ፣ አበረ ትናንት ከወንድሜ ጋር ሲጣላ ሰምቼዋለሁ ብሏል።

«በምን ተጣላችሁ?» አለችው ውባንቺ አበረን።

«በጆንያ። በሳምንት ሁለቴ እንጣላለን እኮ፤ ካልተጣላን ቅር ይለናል።»

«ሌሊት ምን ሰማህ?»

«ምንም። እሱ ነው የገረመኝ። ከግንቦት ወዲህ ቀን ይተኛሉ፤ ሲመሽ ተነስተው ግቢውን ሲዞሩ ያድራሉ። ‹ዘበኛውን የምጠብቅ ዘበኛ ሆንሁ› እያሉ ይቀልዱብኛል። ትናንት አልወጡም። እግዜር እንቅልፍ ሰጣቸው ብዬ ደስ አለኝ።»

ባየህ ለሽምግልናው ትናንት ከቁሐር ሚካኤል ነው የመጣው፤ ገበሬ ነው።

«ወንድምዎን ምን ነበር ያመማቸው?»

«ጨጓራ» አለና ጫማውን አየ።

ውባንቺ ፍራሹን ገለጠች። ሥሩ የታጠፈ የሕክምና ካርድ አለ፤ የባሕር ዳር ሐኪም ስልክ ተጽፎበታል። ደወለች። ብዙ አዳመጠች፤ ጥቂት ጠየቀች።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ደርሰው መርዶውን ሰምተው መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ውባንቺ ሁሉንም እዚያው ሰበሰበች፤ አበረንም አስገባችው።

«አበረ እውነቱን ነው» አለች። «ሐኪሙ እንደነገረኝ ሰውነታችን ቀንና ሌሊትን የሚለይበት ሰዓት አለው። ጉበት ለብዙ ጊዜ ሲታመም ያ ሰዓት ይዛባል። አቶ ገብረማርያም ቀን የሚተኙት ለዚህ ነበር። እንዲህ ላለ ሰው የእንቅልፍ ኪኒን መርዝ ነው፤ የደከመ ጉበት ከደም ውስጥ አያጠራውም። ትናንት ሌሊት ግን አልወጡም። ስለዚህ የተሰጣቸው ከእራት ጋር ነው።»

«ወተቱን ያመጣው ማነው?» አለ ባየህ።

«ይቆዩ። ሐኪሙ ‹የእንቅልፍ መድኃኒት እንዳይሰጠው› ብሎ የነገረው ለእርስዎ ነው።»

ባየህ ከተቀመጠበት ተነሳ።

«እርስዎ ግን እራት ላይ አልነበሩም። ኪኒኑ መርዝ መሆኑን የሚያውቀውን ትቼ የማያውቀውን ፈለግሁ። ስምንት ወር ቀን የተኛ ሰው ዛሬ ማለዳ እንደሚነሳ ያመነ ማነው?» ወደ ወንበሩ ዞረች። «ኮቱ ተተኩሷል።»

ወይዘሮ ገላነሽ ቀና አሉ።

«ሁለት ፍሬ ነው» አሉ። «ፈጭቼ በወተት። ባለፈው ወር ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ተኝቶ አገኙት፤ ንቆናል ብለው ተመለሱ። አንድ ሌሊት ቢተኛ፣ ጧት ተነስቶ ልጁን ይሰጣል አልሁ።»

«ጉበት መሆኑን አያውቁም ነበር?»

«ማን ነግሮኝ።»

«ጋሼ አስምሎኝ ነው» አለ ባየህ። «‹የጉበት በሽተኛ ቤት ብለው ልጄን ይተዋታል፤ ለገላነሽም ቢሆን እንዳትነግር› አለኝ።»

ትልቁ ሽማግሌ መቋሚያቸውን መሬት ላይ አጋደሙ። «እኛ የመጣነው ለልጅቱ ነበር» አሉ። «ጉበቱን ማን ጠየቀ?»

እየሩስ አላለቀሰችም። ውባንቺ የአበረን ካቴና ፈታች። አበረ እጁን እያሻሸ እዚያው ቆመ።

«እትዬ ገላነሽ፣ ቃልዎን ጣቢያ ልቀበል ነው።»

«ነጠላዬን ላምጣ» አሉ።

ቀብሩ በማግስቱ ሆነ። ወይዘሮ ገላነሽን ከጣቢያ ለቀብሩ አምጥተው መለሷቸው። ኮቱ እዚያው ወንበር ላይ ነው። ሲመሽ በግቢው የሚራመድ ሰው የለም።